ቀዝቃዛው ጫፍ

ታንጉት እንደ ወትሮዋ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ባለሙያዎቹ ሊበሉ ሲወጡ፣ ምድር ቤት ያለውን ላቦራቶሪ ልትወለውል ገባች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ የጋለ ብረትና የበረኪና ሽታ ተደባልቆ ጉሮሮ ይይዛል፤ መሃሉ ላይ ረጅም የመስታወት ቱቦ አንዱን ጫፉን ምድጃ ውስጥ፣ ሌላውን በረዶ ውስጥ ነክሮ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ያለው የጨረር ቆጣሪም ያለ እረፍት ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

ዶክተር ልዑልሰገድ አንዴ ጠይቃቸው ነግረዋታል።

«ጨረር ያላቸው ከባድ ከባድ ነገሮች ናቸው። እሳቱ ያተናቸዋል፣ ጋዙ ይነዳቸዋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሙቀቱ የሚያንሰው ቦታ ሲደርስ ይለጠፋል። በዚህ ነው የምንለያቸው።»

«የማይለጠፍስ?»

«የማይለጠፍ የለም፣ እትዬ ታንጉት። የሚበቃውን ብርድ እስኪያገኝ ይሄዳል እንጂ።»

ዛሬ ቸኩላለች። የልጇ የሰናይት ሕፃን ነገ አርባ ቀኑ ነው፣ ክርስትና ይነሳል፤ ከተወለደ ጀምሮ አጥባ የምታስተኛው እሷ ናት። መወልወያዋን እየጎተተች ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ስትደርስ፣ ትናንት ቱቦው ላይ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ተለጥፎ የነበረው ጥቁር ነገር የለም። ቆጣሪው ዝም ብሏል። ጠቅታው ግን አልቆመም፤ ከኋላዋ ነው። ዞር አለች። አሁንም ከኋላዋ ነው።

ባልዲዋን ጥላ ወደ በሩ ሄደች። መውጫው ላይ መዳፍ የሚያሳርፉበት የጨረር መመርመሪያ አለ፤ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው አረንጓዴ ይበራለትና ይከፈትለታል። ታንጉት ግን ሰው ሁሉ የዳበሰውን ብረት በባዶ እጇ አትነካም። ቢሏትም አትሰማ። ይኸው ስድስት ዓመት፣ ልትወጣ ስትል አዲስ ጓንት እያጠለቀች ነው ያለፈችው። ዛሬ የጓንቱ ካርቶን ባዶ ሆነባት። ተሳድባ ባዶ መዳፏን አሳረፈች።

ቀይ።

ታጠበች። ቀይ። ቆዳዋ እስኪላጥ በበረኪና ፈገፈገች። ቀይ።

ዶክተሩ ቀዩን መብራት አይተው ከበሩ መስታወት ማዶ እየሮጡ መጡ።

«እስከ ዛሬ እንዴት አለፉ?»

«በጓንት ነዋ! የናንተን ላብ ልንካ እንዴ?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ይሄ ጨረር እኮ ጓንት አያልፍም። ማሽኑ ጓንቱን ነው ሲመረምር የኖረው።»

«ይክፈቱልኝ ዶክተር፣ ሕፃኑ ይጠብቀኛል።»

«ከዚህ ወገን አይከፈትም። ሰው ልጥራ፣ ምንም እንዳይነኩ!» ብለው ሮጡ። ብትቆይ ብትቆይ ማንም አልመጣም። ምድጃው ያጉረመርማል፣ አየሩ ይወፍራል፣ ጠቅታው አሁን ጥፍሮቿ ሥር የገባ ይመስላል። በሩ አጠገብ ያለውን የግድግዳ ስልክ አንስታ ቤት ደወለች።

«እማዬ፣ ነይ እንጂ!» አለች ሰናይት። «ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ቀዝቅዞብኛል። ሦስት ጋቢ ደረብኩለት፣ እንደ በረዶ ነው። አያለቅስም ደግሞ።»

«ስልኩን ወደ አፉ አስጠጊልኝ» አለች ታንጉት።

መጀመሪያ ትንሽ ትንፋሽ ሰማች። ከዚያ፣ ከትንፋሹ ሥር፣ ቀስ ብሎ፣ ጠቅ። ጠቅ።

ሲከተላት የነበረው ድምፅ ጸጥ ማለቱን ያወቀችው፣ ግድግዳውን ልትደገፍ የዘረጋችው ባዶ መዳፏ መመርመሪያው ላይ አርፎ፣ አረንጓዴ በርቶ በሩ ሲከፈትላት ነው።