ረቡዕ የተጸለየለት ሰው

ሙሜ የተገኘው አርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነው። ጋራዡ ውስጥ፣ ከጭነት መኪናው ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ። ክሪኩ ወርዷል። የመኪናው ብረት ደረቱ ላይ አርፏል።

መጀመሪያ ያየው የሥራ ባልደረባው ታጁዲን ነው። ከመስጊድ ተመልሶ ጫማ ሊቀይር ገባ። እግር አየ።

«ሙሜ፣ በጁምዓም ሥራ?» አለ።

ጎንበስ አለ። የጮኸው ጩኸት ጭሮ ገበያ ድረስ ተሰምቷል ይባላል።

ኢንስፔክተር ጂሬኛ ሲደርስ ሬሳውን አውጥተውታል። ምን ይደረጋል! ወንድሙ ከብረት ሥር ተኝቶ ፖሊስ የሚጠብቅ ሰው የለም። የጭነት ማመላለሻው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ላቡን እየጠረገ ቀረበ።

«ልጁ ጤና አልነበረውም፣ ኢንስፔክተር። የምክር ክፍላችን ደንበኛ ነበር።»

«የምን ክፍል?»

«የሠራተኛ ምክርና ድጋፍ። ሾፌሮቻችን እንቅልፍ ሲያጡ፣ ሲጨነቁ፣ ጫት ሲበዛባቸው የሚያማክሩት ባለሙያ ቀጥረናል። እኛ የሚቻለንን አድርገናል።»

«ራሱን አጠፋ ነው የሚሉኝ?»

«እኔ አላልኩም። ግን ክሪኩን ማን አወረደው? የበር ጥበቃዋ ማንም አልገባም ብላለች።»

ጥበቃዋ እትዬ ባየች ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማንም አልገባም። በሬን አልለቀቅኩም» አሉ። የስምሪት ኃላፊው ገመዳም መጣ። ከጠዋት ጀምሮ አሰቦት መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ሲያሠራ እንደነበር፣ ሰምቶ እየከነፈ እንደተመለሰ ተናገረ። ታጁዲንን ደግፎ አስቀመጠው፣ ውኃ አጠጣው። ደግ ሰው ነው ይሉታል።

ጂሬኛ ግን ዓይኑ ከሬሳው ልብስ ላይ አልተነሳም። የታጠበ ነጭ ጀለቢያ። ኪስ ውስጥ የታጠፈ ቆብ። የጫማው ተረከዝ ላይ ብቻ የዘይት ጭረት።

ለጁምዓ የለበሰ ሰው ከመኪና ሥር አይገባም። ይጎትቱታል እንጂ።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ቢናገርም የሚሰማው አልነበረም። ጭሮ እንዲህ ናት፣ ፖሊስ ሳይፈርድ እሷ ፈርዳ ትጨርሳለች። ሳይመሽ ከተማው ሁሉ «ራሱን ገደለ» አለ።

ቅዳሜ ተቀበረ። እሑድ ጂሬኛ ለቅሶ ቤት ሄደ። ድንኳኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የሟች ሚስት ኩብራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«አላህ ይርሐመው» አላት።

«አሚን።» ቀና አለች። «ታያለህ፣ ኦቦ ጂሬኛ? ሽማግሌዎቹ ጀናዛው ሰላት ላይ አልቆሙም። ሴቶቹ ገብተው ዝም ብለው ይወጣሉ። ልጄን "አባትሽ ጀሀነም ገባ" አሏት። በሰባት ዓመቷ!»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«እንግዲያው ሌላውን አውጣው! ሙሜ ራሱን አልገደለም፣ ወላሂ። ይሄን ካላወጣህ እዚህ ከተማ እንዴት ነው የምኖረው? ልጄን ይዤ የት ልሂድ?»

ጂሬኛ አንገቱን ደፋ። «ምን ነበር የሚያስጨንቀው?»

«እኔንጃ። አንድ ቀን ከሚኤሶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ገባ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ስጠይቀው "አንቺም ካወቅሽ አንቺም ትታመሚያለሽ" ይለኛል።»

«ወደ ምክር ክፍሉ ማን ላከው?»

ኩብራ ሻሿን አስተካከለች። ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች።

«ራሱ ሄደ» አለች።

ጂሬኛ በመጀመሪያ የጠረጠረው ጫት ነጋዴውን ሳቢትን ነው። ሐሙስ ዕለት ሰው በተሰበሰበበት ሙሜን አንገቱን አንቆታል። ሳቢት ጫት በታሰረበት ኮባ መሐል ተቀምጦ አገኘው።

«አነቅኩት፣ አዎ» አለ ሳቢት። «ጫቴን አድርቆ አደረሰዋ! ጫት እኮ ሰዓት አይሰጥም። ለምን ዘገየህ ስል ረዳቱ ምን አለኝ? ሚኤሶ መግቢያ ኩርባው ላይ መኪናውን አቁሞ ያለቅሳል። ባለፈ ቁጥር! ሾፌር ቆሞ ሲያለቅስ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አርብ በሰላት ሰዓት የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ? መስጊድ፣ ከኢማሙ ኋላ የመጀመሪያው ሶፍ ላይ። ግማሹ ጭሮ አይቶኛል።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆነ፣ ኢንስፔክተር። አስተግፊሩላህ።»

እውነቱን ነበር። መስጊድ ያዩት ብዙ ናቸው።

ጂሬኛ በነጋታው ወደ ቆላው ወረደ። ሚኤሶ ፖሊስ ጣቢያ ስለ ኩርባው ሲጠይቅ ተረኛው ሳጅን ወዲያው አስታወሰ። ፍየል ትጠብቅ የነበረች ልጅ በጭነት መኪና ተገጭታ ሞታለች። መኪናው አልቆመም። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አባቷ በየሳምንቱ እየመጡ ይጠይቃሉ። «የምላቸው ስለሌለኝ ሲመጡ ካየኋቸው "የለም" አስብላለሁ» አለ ሳጅኑ። አፈረም።

እንግዲህ ሙሜ ልጅቷን ገጭቶ ይሆን? ጸጸት በልቶት፣ እውነትም ራሱን አጥፍቶ ይሆን? ጂሬኛ ወደ ጭሮ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ይህን ሲያሰላስል መጣ። ኩብራን ምን ሊላት ነው? ግን ጀለቢያው አለ። የተረከዙ ዘይት አለ።

የምክር ክፍሉ የቀድሞ መለዋወጫ መጋዘን ነው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የሶፍት ካርቶን። በሩ ላይ «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። አማካሪዋ ኑኃሚን ገና ሠላሳ አልሞላትም። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ሙሜ ምን ነገረሽ?»

«መናገር አልችልም። የሙያዬ ሕግ ነው።»

«ሰውየው ሞቷል፣ ኑኃሚን። ሚስቱ ቀና ብላ መሄድ አቅቷታል። ሚኤሶ ላይ ያቺን ልጅ የገጨው እሱ ነው?»

«አይደለም!» ከአፏ አመለጣት። ሶፍት አወጣች። «እሱ አይደለም። ረዳቱ በሌለበት ቀን ትኩሳት ይዞት መሪውን ለሌላ ሰው ለቆ ነበር። ቁም እያለው ሰውየው አልቆመም። አብሮት የሚሠራ ሰው ነው፣ ስሙን አልነገረኝም። ማክሰኞ መጥቶ "ቅዳሜ ፖሊስ ጋ ሄጄ እናገራለሁ" አለኝ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለሥራ አስኪያጁ?»

«ለማንም!»

«ለእናትሽ? ለጓደኛ?»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ሚስጥር ጠባቂ ነኝ። ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ጌታ ምስክሬ ነው።»

አልዋሸችም። ፊቷ ላይ ውሸት የለም። ጂሬኛ ሊነሳ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። መልሶ ተቀመጠ። እሱ ራሱ መቻራ ላይ የቸርች አግዳሚ ላይ እየተኛ ያደገ የጴንጤ ልጅ ነው። የእናቱን ሕመም፣ የአባቱን ስካር፣ የእኅቱን ማርገዝ አገር ሁሉ የሰማው በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል።

«ለጌታስ ነገርሽው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ጸልያለሁ። እንዴት አልጸልይለትም?»

«ብቻሽን?»

ኑኃሚን ወደ በሩ ዞራ አየች።

«ብቻሽን ነው የጸለይሽው?»

«ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ የሠራተኛ ጸሎት አለን» አለች። «የጸሎት ርዕስ እንሰጣለን። ስም አልጠራሁም! "ሚኤሶ መንገድ ላይ ያየውን ቅዳሜ ሊመሰክር ለቆረጠ አንድ ወንድም ድፍረት እንዲሰጠው" ብቻ ነው ያልኩት። ስም አልጠራሁም እኮ!»

«እነማን ነበሩ?»

«ሁለት የቢሮ ልጆች። እና ጋሽ ገመዳ። የሚመራን እሱ ነው።»

«ርዕሱን ማን ጸለየበት?»

«ጋሽ ገመዳ።» ሶፍቱን ጨመደደችው። «እያለቀሰ ጸለየ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።»

ኧረ ወይኔ! ስም ሳይጠራ የሚገባው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። እሱም እጁን ዘርግቶ ፊቷ ቆሞ ነበር።

እትዬ ባየች በሩ ላይ ነበሩ። ጂሬኛ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ ባየች፣ አርብ በሩን ለቀው ነበር። አይደለም?»

«ልጄ፣ ያባርሩኛል።»

«አያባርሩዎትም ብዬ አልምልም። ግን የሙሜ ልጅ አባቷ ጀሀነም ገባ ተብላለች።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«ጋሽ ገመዳ መጥቶ "ሂጂ ምሳሽን ብዪ" አለኝ። ማን ይጠብቃል ስለው "እኔ አለሁ" አለ። መረቅኩት እኮ! አንተን የመሰለ አለቃ አይጥፋ ብዬ መረቅኩት።»

«እሱ እንግዲህ አሰቦት ነኝ ያለበት ሰዓት ነው።»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። ስመለስ እሱ የለም፣ ሰው ሞቷል አሉኝ። በር ለቀሻል እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

ገመዳ ጣቢያ ሲጠራ በእግሩ መጣ። እጅ ነሳ። ተቀመጠ።

«አርብ በሰላት ሰዓት የት ነበርክ?»

«አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ። አሰቦት።»

«እትዬ ባየችን ምሳ ብዪ ያላቸው ማነው?»

ገመዳ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አያቸው። አንገቱ ቀስ እያለ ወረደ።

«ልጅቷ ድንገት ነው የገባችው» አለ በመጨረሻ። «ፍየል ተከትላ። ሙሜ ቁም ይለኛል፣ እግሬ እምቢ አለ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የለኝም። ቸርች ሽማግሌ ነኝ። ልጆች አሉኝ።»

«ሙሜስ ልጅ የለውም?»

«አርብ የጠራሁት ልለምነው ነው። ለጁምዓ ለብሶ መጣ። ቢሰድበኝ ኖሮ አልነካውም ነበር። "አብረን እንሂድ፣ አንተው ራስህ ተናገር፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ" አለኝ። ዞር ሲል በጎማ መፍቻው መታሁት። ከዚያ ጎትቼ አስገባሁት። ክሪኩን ለቀቅኩት።»

«ረቡዕ አለቀስክ አሉ። ለማን ነበር?»

«እውነቴን ነው ያለቀስኩት» አለ ገመዳ። «ልቡን እንዲመልስልኝ ነበር የለመንኩት። ጌታ ሊሰማኝ ይችል ነበር።»

ጂሬኛ ከዚህ በላይ መስማት አልቻለም። ወጥቶ ግድግዳው ሥር ቆመ።

በማግስቱ ነገሩ ጭሮን አዳረሰ። ሽማግሌዎቹ እየተሳቀቁ ለቅሶ ቤት መጡ፣ ዱዓ አደረጉ። ድንኳኑ ሞላ። የሚኤሶዋ ልጅ አባትም የሚሰሙትን ሰሙ፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ፍየሎቻቸው ተመለሱ አሉ። እትዬ ባየችን አባረሯቸው። የምክር ክፍሉም ተዘጋ። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፍቀው ውስጡን ጎማ አከማቹበት። ታጁዲን አሁን እንቅልፍ አጥቷል፣ ዓይኑ ያስታውቃል። ሰው ሲጠይቀው ግን «ደህና ነኝ» ይላል። ሁሉም ሾፌር «ደህና ነኝ» ይላል።

ኑኃሚን ኩብራ ቤት የሄደችው ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ደጃፉ ላይ ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ይቅርታ ልልሽ አይደለም የመጣሁት። እንድትረግሚኝ ነው።»

ኩብራ አላነሳቻትም፣ አላባረረቻትምም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አልሄድም ብሎኝ ነበር» አለች። «ለማላውቃት ሴት የልቤን አላወራም አለ። አኮረፍኩት። ምግብ ከለከልኩት። ሂድ፣ ንገራት፣ ይቀልልሃል አልኩት። እኔ ነኝ የላክሁት።»

ኑኃሚን ቀና አለች።

«ማክሰኞ ካንቺ ዘንድ መጥቶ እስኪነጋ ተኛ» አለች ኩብራ። «ከስንት ጊዜ በኋላ። ትንፋሹን እያዳመጥኩ አላህን አመሰገንኩ። አንቺንም፣ ስምሽን ሳላውቅ፣ ዱዓ አደረግኩልሽ። ባልልከው ይኖር ነበር። ሳይተኛም ቢሆን ይኖር ነበር።»

ኑኃሚን እጇን ያዘቻት። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ሰው ሲያለቅስ የምትለው አንድ ነገር ነበር። «እንጸልይ» ልትል አፏን ከፈተች።

መልሳ ዘጋችው።