ማሽኑ እምቢ ብሎት ነበር

ይሄ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። «ህልም ይሆናል» ልትሉኝ ያሰባችሁ እዚሁ ላይ አቁሙና ወደ ሥራችሁ ሂዱ። የተማርኩት ትንሽ ነው፣ ዓይኔ ግን ደህና ያያል። እንቅልፍም አልነበረብኝም።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ትልቅ ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ዳር ያለው አልጋ።

እዚያ የተኛችው ታናሽ እህቴ ናት። ስምንት ሰዓት ላይ ሆዷን ሊከፍቱላት ነው። ዛሬ ካልተሠራላት ለነገ እንደማትደርስ ዶክተሩ በአፉ ነግሮኛል።

ፎጣ ልገዛላት ወረድኩ። ፎጣ ብቻ...

ስመለስ አልጋው ተነጥፏል።

ልጥጥ ብሎ... ሰው ነክቶት የማያውቅ ይመስላል።

«የት ወሰዳችኋት?» አልኳት ነርሷን።

«ማንን?»

«እህቴን ነዋ!»

ስክሪኗን አየች። «እዚህ አልጋ ላይ ሰው የለም፣ እናቴ።»

«ጠዋት መርፌ የወጋሻት አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ነርሷ የራሷን እጅ ገልብጣ አየች። ዕቃ እንደጠፋበት ሰው... «እኔ እንጃ... አይመስለኝም» አለች።

ከአጠገቡ ባለው አልጋ ወደተኙት አሮጊት ዞርኩ። ማታ ከእህቴ ጋር ሲስቁ ነው ያመሹት።

«እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ባዶ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እጄን አንሶላው ላይ አሳረፍኩ።

ይሞቃል...

ደሜ ፈላ። ፈራሁ አላልኩም፣ ደሜ ፈላ ነው ያልኩት። ስልኬን አወጣሁ። ስሟ የለም። ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁና ልመታው ስል... ጣቴ ደርቆ ቀረ። የገዛ እህቴ ቁጥር ጠፋብኝ!

ቀጥሎ ደግሞ መልኳ ከዓይኔ ሊሸሽ ሲንፏቀቅ ተሰማኝ።

«አልለቅሽም!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ያፍጥጥ!

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲነካኩት ነበር... ታች ወርደው ይጠይቁ» አለችኝ።

የኮምፒውተሩ ክፍል ምድር ቤት ነው። እዚያ የተቀመጠውን ሰውዬ ስም አላውቅም። ሠራተኞቹ «ይስተካከላል» እያሉ ነው የሚጠሩት፣ ሌላ ቃል ከአፉ ስለማይወጣ። እግሩን ዘርግቶ ብስኩት ይቆረጥማል።

«እህቴን ምን አደረጋችኋት?»

«ይረጋጉ እናቴ፣ ይስተካከላል።»

«መረጋጋትህን ለራስህ! ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ ምን ነካካህ?»

ብስኩቱን አስቀመጠ። «አንድ አሮጌ ሠንጠረዥ አጠፋሁ። የማይሠራ መስሎኝ...»

«ሠንጠረዥ ምንድነው? ለእኔ በሚገባኝ ተናገር።»

«መደርደሪያ ይበሉት። ማን የትኛው አልጋ ላይ እንደተኛ የተቀመጠው እዚያ ነው። ነርሶቹ ስክሪን ላይ የሚያዩት ቪው ይባላል። ቪው የራሱ ዕቃ የለውም፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። በዚያ ቪው ላይ ደግሞ ሌላ ቪው ይቆማል... በሌላውም ላይ ሌላ...»

«መደርደሪያውን ስታነሳውስ?»

የብስኩቱን ፍርፋሪ ከጭኑ ላይ አራገፈ።

«አፍ የለህም?»

«ማሽኑ እምቢ ብሎኝ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «"በዚህ ላይ የቆሙ አሉ" አለኝ።»

«እና አንተ?»

«በላዩ ከቆሙት ጋር አጥፋ... አልኩት።»

ወንበሩን ከነእሱ ልገለብጠው ምንም አልቀረኝም። ማሽን እንኳ ይሉኝታ ይዞት እምቢ ሲል፣ ይሄ ሰውዬ ብስኩት አፉ ውስጥ አድርጎ እህቴን ያጠፋል!

«መልስ! አሁኑኑ መልስ!»

የመደርደሪያው ቅጂ ተቀምጦ ስለነበር እሱ ቶሎ ተመለሰ። የቪውዎቹን ጽሑፍ ግን ማንም አልቀዳውም። የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚቆም፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ... ሁሉንም ከጭንቅላቱ ሊጽፍ ሆነ።

«ከታች ነው የሚጀመረው» አለ ላብ እያጠመቀው። «ታችኛው ሳይቆም ላይኛው አይቆምም።»

«አቁመዋ!»

አንዱን ሲጨርስ ስሟ ስልኬ ውስጥ ተመለሰ።

ሌላውን ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ነርሷ ናት። «ያቺ ሴትዮ ትምጣ፣ እህቷ እየጠራቻት ነው።»

እግሬ ስር መሬት ያለ መሰለኝ። ልወጣ ስል ሰውየው የመጨረሻውን መታና... ስክሪኑ ላይ ፈዝዞ ቀረ።

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«አንድ መስመር ረሳሁ...»

«የምን መስመር?»

«የወጡትን አታሳይ... የሚለውን።»

«የት የወጡ?»

ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «መደርደሪያው ማንንም አይጥልም፣ እናቴ። በየአልጋው ተኝተው ያውቁ የነበሩትን በሙሉ ይይዛል። ድነው የወጡትንም... ሳይድኑ የወጡትንም።»

«አስተካክለው!»

«ይስተ...»

አልጨረሰውም። እኔም አልጠበቅኩትም።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እህቴ አልጋዋ ላይ ናት! መልኳ፣ ዓይኗ፣ ራሷ። ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኗል። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተጣብቃለች፣ ትንሽ ብትነቃነቅ ትወድቃለች።

«እታለም...» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጠጋ በሉ በያቸው... ጠበበኝ።»

«እነማንን?»

በዓይኗ ወደ ታች አሳየችኝ።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩት።

የእህቴ እግሮች።

አጠገባቸው... ጥፍሩ የወፈረ የሽማግሌ እግር። ፋሻ የተጠመጠመበት የሴት እግር። ካልሲ ያጠለቀ የሕፃን እግር... ከኋላው ደግሞ ሌላ... ሌላም...

ወደ ላይ አየሁ። ትራሱ ላይ ያለው የእህቴ ጭንቅላት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ይወድቅ ነበር። እኔ ግን ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ስንት ነገር አልፌ ነው እህቴን የመለስኳት!

«ጠጋ በሉ!» አልኩ። «እናንተ ተራችሁ አልፏል! ዛሬ የሚሠራው ለእሷ ነው!»



ከዚያ እግሮቹ ሁሉ፣ አንድ ላይ፣ ቀስ ብለው... ጠጋ አሉ።

ብርድ ልብሱን መልሼ ጣልኩባቸው። ወዲያው ሁለት ተሸካሚዎች ጋሪውን እየገፉ ገቡ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ምን እላለሁ? ቆዩ ብል ትሞትብኛለች።

አንሶላዋን ከራስጌና ከግርጌ ያዙ። «በል አንሳ!»

አልተነሳችም።

«ኧረ ይቺ ልጅ ምን ትከብዳለች?» አለ አንደኛው እየሳቀ። «ሰው ጥሩልን!»

ሁለት ሰው ተጨመረ። እየቃተቱ ጋሪው ላይ አሳረፏት። ጎማው ሲጢጥ አለ። እህቴ አንገቷን አዙራ እያየችኝ ወሰዷት፣ የቀዶ ሕክምናው በርም ተዘጋ።

ዞሬ አልጋውን አየሁት።

አንድም እግር አልቀረም።