ደረቁ ደፍ

ባጃጁ ሳይቆም ዘሎ ገባ።

ዓለም ገና ላይ ጎማ ይቃጠላል። በጅማ መንገድ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። ወጣቶች እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ስለ ማስተር ፕላኑ ይጮኻሉ። ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎም አላያቸውም። የውሃ ሃይላንድ ይዞ ወረቀቱን በጥፍሩ ይልጣል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሃይላንድ እጁ ከገባ ሳይልጠው አይተወውም።

«አመድ» አለ።

«ደወል።»

ሁለቱም የምስጢር መጠሪያ እንጂ ስማቸው አልነበረም። ዘሎ የገባው አመድ በፋብሪካው ሲላስ ይባላል፤ ከወላይታ የመጣ፣ መዝሙር የሚወድ የእቶን ክፍል ሠራተኛ። ይህን ሁሉ የፈጠረለት የደህንነት መሥሪያ ቤቱ ነው። መዝሙሩን ግን ራሱ ወደደው። ሰበታ ዳርቻ ካለው የወረቀት ፋብሪካ የገባው ለአንድ ጉዳይ ነበር። በዚህ ግርግር መሀል እቶኑን ሊያፈነዳ ያሰበ ሰው አለ ተብሏል። ያንን ሰው ማግኘት ነበረበት።

የአለቃው የደወል ትእዛዝ አጭር ነበር። ከምሳ በኋላ የእቶን ክፍሉን የጀርባ በር ክፈተው። አፈንጂው በዚያ ሲገባ ልጆቻችን አድፍጠው ይይዙታል። አንተ ገፈርሳ ሂድና ጠብቀኝ።

«ከውስጥ የሚያግዘውስ?»

«ደቻሳ ነዋ። አብረኸው እየበላህ አላወቅክም?»

ሲላስ ፊቱን ወደ ጭሱ አዞረ።

ኦቦ ደቻሳ የፈረቃው ኃላፊ ናቸው። ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው፣ የጀርባውን በር ቁልፍ አምነው የሰጡት እሳቸው። ልጃቸው ገለቴ የኖራው ክፍል ውስጥ ትሠራለች። እሁድ ለእሷ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ሽማግሌዎቹ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁት የሐሰት ስሙን ነው። ሽማግሌ መላኩን ለመሥሪያ ቤቱ አልነገረም። ለገለቴም እውነተኛ ስሙን አልነገራትም።

በሩን እከፍታለሁ ብሎ ወሰነ። በዚያ ገብቶ የሚያዘው ሌላ ሰው ይሆናል። ያኔ ደቻሳ ነጻ ይወጣሉ።

ፋብሪካው እንጨቱን በኬሚካል ይቀቅላል። ከቅቅሉ የሚተርፈው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ፈሳሽ ነው፤ ሠራተኞቹ «ጥቁሩ» ይሉታል። ሌላው ቢሆን ወንዝ ውስጥ ይደፋዋል። እዚህ ግን ውሃው እስኪመጠጥ ያፈሉትና እቶን ውስጥ ይረጩታል። ሲነድ እንፋሎት ይሰጣል፤ እንፋሎቱ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል። ኬሚካሉ ደግሞ ቀልጦ እንደ ቀይ ማር ከታች ይወርዳል፤ ወጥቶ በኖራ ሲታከም ተመልሶ እንጨት ይቀቅላል። «እዚህ ቤት የሚጠፋ ነገር የለም» ይላሉ ደቻሳ።

ያ ቅልጥ ኬሚካል የሚጠላው ውሃን ነው። ውሃ ከነካው ይፈነዳል።

ስለዚህ ማንም ሰው ሃይላንዱን በሩ ደፍ ላይ ሳይደፋ ወደ እቶኑ አይገባም። ማንም አላዘዘም፤ ልማድ ነው። ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ይደፋል። አምና ሽቦ የሰረቀው ልጅ እንኳ ውሃውን ደፍቶ ነበር የገባው። ደቻሳ እርጥቡን ደፍ አይተው፣ ሌባ ቢሆንም የቤታችን ልጅ ነው ብለው ሁሉንም አስቀዋቸዋል።

ሲላስ በሩን ከፍቶ ወጣ። ወደ ገፈርሳ የሚወስድ ሚኒባስ አላገኘም፤ መንገዱ ተዘግቷል። በፋብሪካው ጀርባ ሊያቋርጥ ተመለሰ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ያደፈጠ ሰው የለም።

ደፉ ደረቅ ነው።

በስንጥቁ አየ። ቧንቧው ላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ቆሟል።

ወረቀቱ ተልጧል።

አፈንጂውን ያስገባው እሱ ራሱ ነው። ዘሎ ገባ። የማጠቢያው ውሃ ወደ ጥቁሩ ፈሳሽ ቧንቧ የሚገባበት ቫልቭ ተከፍቷል፤ መዝጊያ እጀታው ተሰብሮ ወድቋል። ደወል አምልጧል።

«ውሃ ገብቷል!»

ኦቦ ደቻሳ ጥያቄ አላበዙም። ብረት አንስተው ምሰሶውን ደጋግመው መቱ። ሠራተኛው የያዘውን ጥሎ ሮጠ።

«ኢልማ ኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በሩ ላይ ቁምና ሰው ቁጠር።»

«ኦቦ፣ እርስዎም ይውጡ።»

«ጥቁሩን ሳልዘጋ? ውሃውን ይዞ ወደ እሳቱ እየሄደ እኮ ነው።»

ክንዳቸውን ያዘ። አስለቀቁት። እጃቸው ሻካራና የሞቀ ነበር።

«ቁጠር አልኩህ።»

ቆጠረ።

አንድ ጎደለ።

ምድሩ ተንቀጠቀጠ። የጣራው አንድ ጥግ ተነስቶ ወደቀ። እቶኑ ግን አልፈረሰም፤ ደቻሳ ዘግተውት ነበር። ገለቴ ከኖራው ክፍል ነጭ አቧራ ለብሳ እየሮጠች መጣች። አባቷን ከወጡት ሰዎች መሀል ስትፈልግ አያት። ሊጠጋት አልቻለም።

አልፏት ሄደ። አንድ ሥራ ቀርቶታል።

ገፈርሳ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ደወል ግድቡን እያየ ተቀምጧል። አዲስ ሃይላንድ ይልጣል።

«በሩን ከፈትክ?»

«አንተ እንዳዘዝከኝ።»

«ሰው ሞተ?»

«አንድ። ኦቦ ደቻሳ።»

«አንድ ብቻ?»

ሲላስ ለምን እንዳደረገው ጠየቀው። ደወል አልደበቀም፤ እኩል አጥፍተናል ብሎ ያስብ ነበር። መሬቱን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ፋብሪካው ከጠፋ መሬቱ ባዶ ነው። ቄሮዎች አቃጠሉት ይባላል፤ መሪያቸው ደቻሳ።

«የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም» አለ። «አንተም አትሰጥም። ቁልፉ ያንተ ነበር።»

ስልኩ ሲላስ ኪስ ውስጥ ክፍት ነበር። በወዲያኛው ጫፍ፣ መንገድ ላይ ደውሎ የነገራት የደወል አለቃ ሰብለወርቅ ታዳምጣለች። ሰዎቿ ከባሕር ዛፉ መሀል ሲወጡ ደወል አልሮጠም። ሃይላንዱን ብቻ ጣለ።

ሲላስ አንድ ነገር ለመናት። የደቻሳ ስም እንዳይጠፋ።

«ስሙ አይነሳም» አለች። «ያንተም አይነሳም። ነገ ከሰበታ ትወጣለህ።»

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሄደ። ድንኳኑ በፋብሪካው ሰው ተሞልቷል። አስከሬኑ የተሸኘው ጠዋት ነበር፤ እሱ ግን አልደረሰም። የድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርስ እጁ ሳያስበው ሃይላንዱን አዘነበለ። ውሃው መሬቱ ላይ ፈሰሰ።

ገለቴ ቀና አለች። ተነስታ መጣች።

«የጀርባው በር የተከፈተው በቁልፍ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቁልፉ አንተ ጋ ነበር።»

እውነቱን ቢነግራት ስሙን መንገር አለበት። ስሙን ቢነግራት የምታውቀው ሰው አይኖርም።

«አባዬ ልጄ ይልህ ነበር። አንተ ማነህ?»

የያዘውን ሃይላንድ አየ።

እርጥቡን መሬት አየች። ዓይኗ ሞላ፤ አላለቀሰችም።

«ውሃ መድፋት የኛ ልማድ ነው። አንተ ውሃህን ያዝ።»

ሃይላንዱን ከእጁ ወሰደች። ከበርሜሉ ሞልታ፣ ክዳኑን ገጥማ መለሰችለት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችው።

ሱሉልታ፣ በሌላ ክረምት። ስሙ ተቀይሯል፤ ጢም አሳድጓል። ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ ለምን እንደተላከ የምታውቀው ሰብለወርቅ ብቻ ናት። ሰው ስለ ሰበታ ሲያወራ ሄጄ አላውቅም ይላል። መዝሙርም አይዘምርም።

በመጀመሪያው ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። እጁ ክዳኑን ከፍቶ ሃይላንዱን ሊያዘነብል ነበር።

ከኋላው የነበረ ጫኝ ሳቀ። «ምነው ወንድሜ፣ እዚህ ያለው ውሃ አነሰና ደፉንም ልታጠጣው ነው?»

ሌሎቹም ሳቁ። አብሯቸው ፈገግ አለ።

ክዳኑን ገጠመ። በደረቁ ደፍ ላይ ተራምዶ፣ ሃይላንዱን እንደሞላ ይዞ ገባ።