በብስኩት ቆርቆሮ የታሸገ ሐሳብ

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። ከአራተኛው ፎቅ ጣሪያ ወደ ጓሮው የወደቀ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ጎረቤቶች በየመስኮታቸው ቆመዋል፤ ሲወድቅ ግን ያየው የለም። መርማሪዋ ጉልበቷን እያሻሸች ደረጃውን ቀና ብላ አየችው። ሕንፃው ሊፍት የለውም።

«ራሱን ነው የጣለው» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ነው የሄደው። ብዙም የሚያደክም ጉዳይ አይደለም።»

«እኔን የማያደክም ጉዳይ የለም» አለችና መውጣት ጀመረች።

ጽሑፉ የተገኘባት ክፍል ከጣሪያው ጋር በአንድ በር የምትገናኝ ጠባብ ናት። አራት ወንበር፣ አራት ማይክሮፎን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የተቸነከረ አሮጌ ብርድ ልብስ። በመደርደሪያው የተበላሹ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ሕግ ተለጥፏል፦ «ማንጓጠጥ ይፈቀዳል፤ ማቋረጥ አይፈቀድም።»

እዚህ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች በየቅዳሜው ከሰዓት ተሰብስበው ይከራከራሉ። የትኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሻላል፣ አዲሱ ስሪት ከአሮጌው በምን ይበልጣል፣ የዚያ ድራማ የመጨረሻው ክፍል ለምን ተበላሸ። ክርክሩን ይቀዱታል፤ ሟቹ እሁድ በማለዳ መጥቶ ያስተካክለውና ከሰዓት በኋላ ለአድማጮች ይለቀቃል። ማኅበሩን የመሠረተው እሱ ስለሆነ ጓደኞቹ በቀልድ መልክ ሊቀመንበሩ ይሉታል። የዚህ ሳምንቱ ቅጂ ገና አልተለቀቀም።

ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈው አጭር ነው፦

«ቅዳሜ በራሴ አፍ አምኛለሁ። ሥራን በነጻ ለሰው መስጠት ሞኝነት ነው። ዕድሜዬን በሞኝነት ጨረስኩ። ደክሞኛል። እማዬ ይቅር በይኝ።»

መርማሪዋ ሁለቴ አነበበችው። ከኮምፒውተሩ አጠገብ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል፤ በላዩ የትናንቱ ቀንና «እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አይከፈትም» የሚል ተጽፏል። አነሳችው። ቀላል ነው። ስትነቀንቀው ወረቀት ተንሿሿ።

በዚህ መካከል የሟቹ እናት ደረሱ። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናቸው፤ የሥራ ጋውናቸውን እንኳ አላወለቁም። አንድ ሰው ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገፉት።

«ጽፏል አሉኝ። የታለ?»

«ላንብብልዎት እናት?»

«ማንበብ እችላለሁ።» ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አስኬዱ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄን ልጄ አልጻፈውም።»

መርማሪዋ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ይህን ቃል ከስንት እናት ሰምታለች።

እናትየው የገባቸው ይመስል ከቦርሳቸው የተጣጠፉ ወረቀቶች አውጥተው አንድ በአንድ ዘረጉላት። ሁሉም በእጅ፣ እንደ አውራ ጣት በተለቀ ፊደል የተጻፉ ናቸው። «ራት ድስቱ ውስጥ አለ።» «ዛሬ አመሻለሁ፤ አትጠብቂኝ።» «ልብሱን አስገቢ፤ ዝናብ ይመጣል።»

«ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ ሁለት ዓመት አልሞላም። ስልክ ላይ ስነካው ፊደሉን የሚጠራልኝ ፕሮግራም ሠራልኝ፤ ኋላ ለሁሉም በነጻ አደለው። የስክሪን ጽሑፍ ዓይኔን እንደሚያደክመው ያውቃል። ለእኔ የሚሆነውን ነገር አንድ ቀን እንኳ በኮምፒውተር ጽፎልኝ አያውቅም። የመጨረሻውን ነው እንዲህ የሚጽፍልኝ?» ወረቀቶቹን መልሰው አጣጠፉ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ እህቴ። ልጄ ትቶኝ ሄደ ወይስ ወሰዱብኝ? ትቶኝ ከሄደ ምኑን እንዳላየሁለት እስክሞት ሳስብ ልኖር ነው።»

መርማሪዋ በቀላሉ ቃል አትሰጥም። «እነግርዎታለሁ» አለች፤ ወዲያው ደከማት።

የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም። ቁልፉ ያላቸው አራቱ የማኅበሩ አባላት ብቻ ናቸው። ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ወደ አንድ ሰዓት ግድም ነው አለ።

ሰኞ ጠዋት ከአባላቱ አንዱን፣ ጠጋኙን፣ አገኘችው። በሕንፃው ምድር ቤት ኮምፒውተር የሚጠግን የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። በሱቁ ያሉት ማሽኖች ሁሉ በአሮጌው ስሪት ነው የሚሠሩት።

«አዲሱን አይወዱትም?»

«አዲሱን? እትዬ፣ አዲሱ ገና ሲከፈት ‹ጠብቅ› ይላል። ዕድሜዬን ሁሉ ስጠብቅ ኖሬ አሁን ደግሞ ማሽን ጠብቅ ይለኛል?» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ሊቀመንበሩ ቢሰማኝ ኖሮ አሁን እዚህ ላይ በነገር ይወጋኝ ነበር።»

«ትጣሉ ነበር?»

«በየሳምንቱ። ለመጣላት እኮ ነው የምንገናኘው። ተጣልተን ስንጨርስ እሱ ነው ታክሲ የሚያስይዘኝ።»

ጠጋኙ እሁድ በማለዳ ብቻውን ቤቱ ተኝቶ ነበር፤ ምስክር የለውም። ስለ ብስኩቱ ቆርቆሮ ስትጠይቀው ፊቱ ተለወጠ።

«እሱ እስከ ቅዳሜ አይነካም። ሕጋችን ነው።»

«ሰው ሞቷል እኮ።»

«ሕጉን ያወጣው የሞተው ሰው ነው» አለና ብሎን መፍቻውን አንስቶ ምንም ያልተበላሸ ማሽን መፍታት ጀመረ።

ሦስተኛዋ አባል፣ ሐያሲዋ፣ በጥርስ ሕክምና ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ስለ ድራማ የምትጽፈውን ብዙ ሰው ያነበዋል። ዓይኗ አብጧል።

«የጆሮ ማዳመጫ ወርውረሽበታል አሉ።»

«ከሁለት ሳምንት በፊት። በመርከብ ላይ ስለሚሆን አንድ ድራማ ተጣልተን ነው። መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ‹አንቺ ለቧንቧ ማስታወቂያም ታለቅሻለሽ› አለኝ። አልመታሁትም እኮ! ግድግዳውን ነው የመታሁት።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እሁድ እህቴ ቤት ነበርኩ። እሷን ይጠይቁ። ምን ጽፎ ነው የሄደው? ለምን አይነግሩንም?»

«እነግራችኋለሁ። ለሁላችሁም በአንድ ላይ።»

አራተኛው ከማኅበሩ ጋር ከተቀላቀለ አራት ወሩ ነው። አዲስ ስሪት በወጣ በመጀመሪያው ቀን የሚጭን፣ ሲናገርም የሚፈጥን ስለሆነ ሮኬት ይሉታል። ቢሮው በመስታወት የተከበበ ነው፤ የኃላፊነት ሹመቱን ካገኘ አንድ ወር አልሞላውም። ከጀርባው ግድግዳ ላይ መሥሪያ ቤቱ በቅርቡ የሚያወጣው ምርት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ አንድ ጣት ፊደል ሲነካ ከፊደሉ ድምፅ ይወጣል።

«ያምራል» አለች መርማሪዋ። «ማን ሠራው?»

«ቡድናችን። ማለቴ፣ እኔ ነኝ የመራሁት።» ወንበሩን አዞረ። «ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ራሴን እየወቀስኩ ነው። ቅዳሜ በጣም ተጫንኳቸው። ሦስቱንም ነው የረታኋቸው። ጋሼ ጠጋኙ አዲሱን ስሪት አወደሰ። ሐያሲዋ ድራማዋን በራሷ አፍ ቆሻሻ ናት አለች። ሊቀመንበሩም ሥራ ከከፈለ ሰው በቀር ለሌላው ተዘግቶ ይቀመጥ፣ በነጻ መስጠት ሞኝነት ነው አለ። በአንድ ከሰዓት! ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያመነበት ነገር ሲፈርስበት... ማን ያውቃል?»

«ማን ያውቃል» አለች እሷም። እሁድ ጠዋት የት እንደነበር ስትጠይቀው እየሮጥኩ ነበር አላት፤ ብቻውን።

ከሰዓት በኋላ ጫማዋን አውልቃ የቅዳሜውን ቅጂ አዳመጠች። ገና ሲጀምር በር ሲከፈት ይሰማል። «ይቅርታ፣ ስብሰባ ይዞኝ ነው» ይላል ሮኬት። ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። ጠጋኙ ስለ አዲሱ ስሪት ፍጥነት ሲናገር ሦስት ጊዜ አሳለው። ሐያሲዋ ድራማዋን ስትሰድብ ድምፅዋ ይታፈናል። ሊቀመንበሩም ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ ስለ መዝጋት ጥቅም ያስረዳል። መርማሪዋ ለሁለተኛ ጊዜ አዳመጠች። ሳሉ ሳል አይደለም። ሰው ሳቁን ሲውጥ ነው እንዲህ የሚያስለው።

ማክሰኞ ሁሉንም ወደ ላይኛው ክፍል ጠራቻቸው። እናትየው የልጃቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፖሊሱ በሩ ጋ ቆመ። መርማሪዋ ደረጃውን ስለወጣች ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች፤ ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

ጠጋኙና ሐያሲዋ ተያዩ።

«ምን?» አለች ሐያሲዋ። «‹ቅዳሜ አምኛለሁ›? እሱ እኮ ቅዳሜ...» አፏን በእጇ ያዘች።

«ጨርሺው» አለች መርማሪዋ።

«ጋሼ፣ ልናገር?»

ጠጋኙ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «እኔው ልናገር። ጠባችን ሲከር ከመካከላችን አንዱ፣ ቅጂው ሳይጀመር፣ ‹ኮት ግልበጣ!› ይላል። በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ያኔ እያንዳንዱ እውነተኛ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ጽፎ ቆርቆሮው ውስጥ ይከታል። የዚያን ቀን ግን የሚከራከረው ለተቃራኒው ነው፤ ከልቡ መስሎ። አድማጭ የምራችን ይሁን አይሁን ሳምንቱን ሙሉ ይገምታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆርቆሮው ይከፈታል። እስከዚያ ለማንም አይነገርም።»

«አርፍዶ ለመጣ አባልስ?»

«ለእሱም አይነገርም።» ጠጋኙ ወደ ሮኬት ሳያይ መለሰ። «በሚቀጥለው ሳምንት ልንስቅበት ነበር።»

የሮኬት ፊት አመድ መሰለ።

መርማሪዋ ፕላስተሩን በምላጭ ቀደደችው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሦስት ነበሩ።

«ይህን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ሊቀመንበሩ ቅዳሜ የተናገረውን ሰምቷል» አለች። «ቅጂው ስላልተለቀቀ ከውጭ የሰማው የለም። ስለዚህ የጻፈው ቅዳሜ እዚህ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ነው። በሩም በቁልፍ ነው የተከፈተው። ነገር ግን ያ ሰው የሰማውን አምኖታል። ጠጋኙ አያምነውም፤ ሐያሲዋም አታምነውም፤ ወረቀታቸው እዚህ አለ። ሟቹም ራሱ በጨዋታ ያለውን የሞቱ ምክንያት አያደርገውም። ለእናቱም በእጁ ይጽፋል እንጂ ስክሪን ላይ አይጽፍም። ወረቀቱ እዚህ የሌለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ሦስቱንም ረታኋቸው ያለኝ እሱ ነው።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ሮኬት።

«ግድግዳህ ላይ የተለጠፈው ጣት ግምት አይደለም። ፊደል የሚጠራውን ፕሮግራም በእናትየው ስልክ ላይ አይቼዋለሁ፤ ከተሠራ ከዓመት በላይ ሆኖታል። በነጻ የተሰጠውን ወስደህ ዘጋኸው፤ በእሱም ተሾምክ። እሁድ ጠዋት ለምን መጣህ?»

ታች መንገድ ላይ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ።

«ሊስማማ ነው ብዬ» አለ ሮኬት በመጨረሻ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ይናገር ነበር። «ቅዳሜ ይዘጋ ብሏል አይደል? ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት፤ ፕሮግራሙን ለእኛ እንዲያስረክብ እንድንፈራረም። እሱ ጣሪያው ላይ አየር እየወሰደ ነበር። ‹በሚቀጥለው ቅዳሜ የማን ሥራ እንደሆነ ማይክሮፎን ላይ እናገራለሁ› አለኝ። ‹ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ?› አልኩት። ሳቀብኝ። ለምን እንደሚስቅ አልነገረኝም! ‹እስከ ቅዳሜ ጠብቅ› እያለ ይስቃል። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያሰብኩት።»

«ቢነግርህ ኖሮ...» አለች ሐያሲዋ እያለቀሰች።

«አይነግረውም» አለ ጠጋኙ። «ሕግ አክባሪ ነበር፣ የእኔ ጌታ።»

ፖሊሱ ወደ ሮኬት ተጠጋ። መርማሪዋ ወደ እናትየው ዞረች።

«ትቶዎት አልሄደም» አለች። «ወሰዱብዎት።»

እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። አላለቀሱም። ትከሻቸው ብቻ፣ ከእሁድ ጀምሮ ተሸክመውት የነበረ ነገር የወረደለት ይመስል ዝቅ አለ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ወረቀቶቹ ዘረጉ፤ የልጃቸውን ጽሕፈት ለመለየት ማንም አላገዛቸውም። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ድምፅ አውጥተው አነበቡ።

«ሥራዬ... ክፍት... ይሁን። እናቴ... ያነበበችበትን... የሰው እናት... ሁሉ... ታንብብበት።»

ወረቀቱን እንደያዙ ወደ መርማሪዋ ዞሩ።

«ልውሰደው?»

«አይቻልም እናት። ማስረጃ ነው። ፍርዱ እስኪያልቅ እኛ ዘንድ ይቆያል።»

እናትየው አልተከራከሩም። ከቦርሳቸው ደብተርና እርሳስ አወጡ፤ ወረቀቱን ፊት ለፊታቸው አስተካክለው አስቀመጡና በደብተሩ ላይ መጻፍ ጀመሩ። አንዱን ፊደል ጽፈው ያዩታል፤ ወደ ልጃቸው ፊደል ያያሉ፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

«እንውረድ?» አለ ፖሊሱ ከበሩ፣ ሮኬትን ክንዱን እንደያዘ።

«ጠብቅ» አለችው መርማሪዋ። ወንበር ስባ ከእናትየው አጠገብ ተቀመጠችና የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ነበሩ።