ዘካሪያስን አጥፉት

ዘካሪያስ ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከምሳ የተመለሱት የመስኖ ማኅበሩ ሠራተኞች መጀመሪያ ያንቀላፋ መስሏቸው ነበር። አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ፎጣ ሲፈታ ግን ዙሪያውን የሄደ ቀጭን ሰንበር ታየ። ታንቋል!

ኢንስፔክተር ጀዊሪያ ቆቦ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰው ጠበቋት። ጸሐፊዋ ኢቅራ ጨቅላዋን እንዳቀፈች ወደ ወልድያ የሚወስዳትን መኪና ትጠብቃለች።

«አፏ ነው ያስያዛት» አለ ዘበኛው ሙሀመድሰይድ፤ ከሮቢት መጥቶ ከተቀጠረ ገና ሳምንቱ ነው። «ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! በመስኮት ብቅ ብላ ‹ኧረ ዘካሪያስን አጥፉት!› ስትል። በጠራራ ፀሐይ ሰው እንዲህ ያስገድላል?»

«ማንን ነበር የምታዘው?»

«እኔ እንጃ። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ የቀሩት እሷ፣ የማኅበሩ ምክትል ኃላፊ አቶ ከማሉዲንና የመጋዘኑ ጋሽ ተሾመ ናቸው። ሌላ ሰው በበሩ አልገባም።»

ጀዊሪያ ከኢቅራ ጎን ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ማሽኑን ነው ያልኩት» አለች ኢቅራ። «ማተሚያችን አንድ ነው፤ የተገጠመውም ዘካሪያስ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሁላችንም ከየቢሯችን በሱ በኩል ነው የምናትመው። የማተሚያው ስምም ‹ዘካሪያስ› ነው የሚለው። እምቢ ሲል ‹አጥፍታችሁ አብሩት› እንባባላለን። ደብዳቤዬን ብልክ ብልክ አልወጣ አለኝ። ልጄ እየጠባች ስለነበር መነሣት አልቻልኩም፤ ጮህኩ።»

«ከዚያስ?»

«ማንም አልመለሰልኝም። ቆይቶ ግን ማተሚያው ሲንቋቋ ሰማሁ። ወረቀቱን በኋላ አመጣለሁ ብዬ ተውኩት።» ጨቅላዋን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። «ይነጥሉኛል እንዴ? ጡት እንኳ አልጣለችም እኮ!»

ጀዊሪያ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብላት ተነሣች።

ከማሉዲን በረንዳው ላይ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ መርጋቱ ግን ጀዊሪያን አልጣማትም።

«ማተሚያው እምቢ አለኝ ትላለች።»

«ቅጥፈት ነው! በዚያው ሰዓት እኔ ራሴ አትሜበታለሁ፤ ደህና ነበር። ያለችው ሰውየውን ነው። ስሰማ ዘግንኖኛል።»

ጋሽ ተሾመ በበኩላቸው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «እኔ ኮምፒውተር የለኝም» አሉ። «ግን ‹ዘካሪያስ ወረቀት በላ፣ ዘካሪያስ ተኛ› ሲሉ ስንቴ ስቄባቸዋለሁ መሰለሽ። ጩኸቷን ስሰማም ማሽኑን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ምነው ያኔ ሄጄ ባየሁት ኖሮ፣ ልጄ!»

ጀዊሪያ የሟቹን ክፍል ዘግታ ብቻዋን ገባች። ሙቀቱ ያፍናል፤ የሟቹ መነጽር አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ስር ያሉትን ገመዶች አየች። የቆቦ አቧራ ሁሉንም አልብሷቸዋል። አንዱ ብቻ፣ ማተሚያውን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው፣ እንደተወለወለ ንጹሕ ነው። ነቀለችው። ጫፉ አራት ማዕዘን ነው፤ ቀደም ሲል ሬሳውን ስታይ ከጆሮው ስር ያገኘችውም ያው አራት ማዕዘን ሰንበር ነበር። የማተሚያው አፍ ላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ተከምሯል፤ ሁሉም የኢቅራ።

የማኅበሩን ሰዎች በሙሉ ከክፍሉ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው። መኪናው መጥቶ ሞተሩ እያጓራ ነው።

«ዘካሪያስ የታነቀው በዚህ ገመድ ነው» አለች። «ገመዱ አንገቱ ላይ ሳለ ማተሚያው ተቋርጧል፤ ለማንም አያትምም። ኢቅራ ይህን አታውቅም። እናንተ እምቢ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ደግመን እንልካለን» አለ አንዱ።

«እሷም ደጋገመች። የላከችው ሁሉ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ተጠራቅሞ ጠበቀ። ገዳዩ ሟቹን ፎጣ አልብሶ፣ ገመዱን መልሶ ሲሰካ፣ ማሽኑ ሬሳው ፊት ወረቀቱን አከታትሎ ተፋው። ሰውየው ሲታነቅ ኢቅራ ከቢሮዋ ሆና ትልክ ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ተሾመ።

«በዚያ ሰዓት ማተሚያው ደህና ነበር ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ‹አጥፉት› ማለት ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የማያውቀው አዲሱ ዘበኛ ነው። እያወቀ እንደማያውቅ የሆነ ግን አለ።» ጀዊሪያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እስቲ ለዘካሪያስ ዱአ እናድርግ።»

እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘረጋ። የጋሽ ተሾመ መዳፍ ጆንያ ያሻከረው ነው እንጂ ምንም የለበትም። ከማሉዲን እጆቹን ከኋላው አላነሣም።

«አቶ ከማሉዲን፣ አሚን አይሉም?»

ዓይን ሁሉ ወደሱ ዞረ። እጆቹን ቀስ ብሎ አመጣቸው። በሁለቱም መዳፎቹ ላይ ገመድ የቆረጠው ቀይ መስመር ተጋድሟል።

«ደብዳቤዬን አየብኝ!» አለ ድምጹ ተሰብሮ። «የዋጃን ገበሬዎች የውሃ ጉድጓድ ለወንድሜ ያዞርኩበትን። ሁሉም ነገር በሱ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ሁሉም! ለገበሬዎቹ እነግራለሁ አለኝ።»

«አላህ ይይልህ!» ብሎ ዘበኛው ፊቱን ሸፈነ።

መኪናው ከማሉዲንን ይዞ ሄደ። ኢቅራ ልጇን አዝላ፣ የሰው እቅፍ እየተቀባበላት፣ ወደ ቤቷ ገባች።

ከሐዘኑ በኋላ ቢሮ ስትመለስ የሟቹ ክፍል ታሽጎ፣ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ነበር። አንድ ደብዳቤ ጽፋ እንደ ልማዷ አትም አለችው። አልወጣም። ደግማ ልትልክ እጇን ስትዘረጋ የኮምፒውተሯ ስክሪን ላይ ጽሑፍ መጣ፤ «ዘካሪያስ አልተገኘም» ይላል። ኢቅራ እጇን ሰብስባ አለቀሰች።