የሟች ጥርስ ያረፈበት ባትሪ

ቀረብ በሉ። እሳቱን አትቆስቁሱት፤ ይበቃል። ይህን ወሬ በደማቅ ብርሃን አልነግርም።

ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ነው። ጨረቃ የለም። መንገዱ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ይወጣል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ይሄዳል። ስንት ሰው አልኩ? አንድ።

ስሙ አንዳርጌ ነው። የአያ ቢተው ሎሌ ነው። እናት አባት የለውም። የሚበላው ትራፊ፣ የሚተኛው ከበሬዎቹ ጋር ነው። ዕድሜው ስንት ነው? እሱም አያውቀው፤ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነበር።

ለምን በሌሊት ሄደ? አያ ቢተው ያን ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ሞተ። ቀብሩ በማግስቱ ከቀትር በፊት ነው። አንዲት ልጁ ዘርትሁን ከገደሉ ማዶ ተድራ ትኖራለች። ጎሕ ሲቀድ ካልተነገራት፣ አባቷን ሳታየው አፈር ይለብሳል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ? እዚያ አገር ሁለት ሰው ይሄዳል። በመንገድ ላይ የሟቹ ስም አይነሣም። እዚያ ሲደርሱ ጎረቤት ይቀሰቅሳሉ፤ ሲነጋ አብረው ገብተው ያረዳሉ። በመንገድ ማንም ቢጠይቅ መልሱ «ትንሽ አመም አድርጎታል» ነው። ለምን? ያልተቀበረ ሰው መሞቱን አያውቅም ይላሉ። ይንከራተታል። መሞቱን ከሰው አፍ የሰማ እንደሆነ ግን በነገረው አፍ ይገባል። ገብቶ ይቀመጣል።

ሁለት ሰው አልኩ አይደል? ያን ሌሊት ማን ተገኘ? አንዱ ወገቤን አለ። አንዱ ሚስቴ ደርሳለች አለ። ሎሌ ግን ወገቤን አይልም። ደግሞም አንዳርጌ ባይልኩትም ይሄድ ነበር። ዘርትሁን ሳትዳር በፊት፣ አባቷ በጅራፍ የተለተለውን ጀርባ ማታ ተደብቃ ቅቤ ትቀባለት ነበር። በሕይወቱ ወንድሜ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ፋኖሱ ከሬሳው ራስጌ አይነሣም። ሦስት ድንጋይ የሚጎርሰው ትልቁ ባትሪ ድንጋዩ አልቋል። የሟቹ ሚስት እትዬ ጠጂቱ ከባሏ ኮት ኪስ አንድ ነገር አውጥታ አንዳርጌ መዳፍ ላይ ጣለችለት።

«እንካ፣ ባትሪ።»

«እትዬ፣ ይህ ባትሪ ነው?»

«ምነው ናቅኸው? ከጠረፍ በስንት ልመና ያስመጣው ነው። ካንተ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ይበራል።»

አንዳርጌ አገላብጦ አየው። ከመሐል ጣት አይበልጥም። ጥቁር ነው። ወዙ ከእጅ አይለቅም፤ ልክ ከሰው ብብት የወጣ ይመስል ለብ ብሏል። እንዳያንሸራትት ተብሎ ገላው ላይ የተቀረጹ ጥቃቅን ቦዮች አሉ። በየቦዩ እድፍ ተጋግሯል። ሱረት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ደግሞ ስሙን የማልጠራው ነገር አለ። ኋላው በጎማ ተሸፍኗል፤ ጎማው ላይ አንዲት ቁልፍ አለችው። አያ ቢተው የመስኖ ተራው በሌሊት ሲደርሰው ሁለት እጁ አካፋ ስለሚይዝ፣ ባትሪውን ነክሶ ነበር ውኃ የሚመራው። ጎማው ተበልቷል። የሽማግሌው ጥርሶች አንድ ባንድ ያረፉበት ይታያል፤ የጎደለችው ጥርስ ቦታ እንኳ ሳይቀር። አሸተተው። የከረመ ምራቅና ነጭ ሽንኩርት ነው። ትፍ አለ።

አበራው። የፋኖስ ቢጫ ብርሃን የለመደ ሰው ነው። ይህ ነጭ ነው፤ ያውም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። እጁ ላይ ቢያበራው እጁ የሬሳ እጅ መሰለ። የብርሃኑ ክብ ከሰፌድ አይበልጥም፤ ከሰፌዱ ውጭ ያለው ጨለማ ከበፊቱ ይብሳል። ቁልፏን አንዴ ሲጫኗት ደማቅ ናት። ሁለቴ ሲጫኗት ፈዛዛ። ሦስቴ ሲጫኗት ብልጭ ድርግም ትላለች። ለምን? እግዜር ይወቅ። ደኅና ዓይን ያለው ሰው የሠራው ነገር አልመሰለውም።

ሄደ። ሜዳው ላይ በእጁ ይዞት ሄደ። ገደሉ ሲጀምርስ? በአንድ እጁ ዱላ፣ በአንድ እጁ የዛፍ ሥር ይዞ መውረድ አለበት። ባትሪው የት ይግባ? ገባችሁ። አፉ ውስጥ ከተተው። ጥርሱ በሽማግሌው ጥርስ ጉድጓድ ላይ ልክ ብሎ ተቀመጠ። ጎማው ምላሱ ላይ ለሰለሰ። ዘርትሁንን አሰበና ወረደ።

ወንዙን ተሻገረ። ሽቅብ ሲጀምር አንድ ነገር ሰማ።

ጡብ።

ቆሞ አዳመጠ። እንቁራሪት ይሆን? ተራመደ። ከላይ በኩል ደግሞ ጡብ። ጡብ። እግሩ የታሰረ አህያ ይሆን? አህያ ይተነፍሳል። ይህ አይተነፍስም። ቀጥሎ ሽታ መጣ። እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ ፀሐይ ላይ የዋለ ሥጋ።

መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሰፌዷ ብርሃን ሁለት እግር ላይ አረፈች። ባዶ እግር ነው። ታጥቧል። ጥፍሮቹ ወደ ሰማያዊ ሄደዋል። ሁለቱ አውራ ጣቶች በነጭ ክር አንድ ላይ ታስረዋል። የማን አውራ ጣት ነው በክር የሚታሰር? ልጆች እንኳ ታውቃላችሁ። የተገነዘ ሰው ነው።

አንዳርጌ ጥርሱን ነከሰ። ሲነክስ ቁልፏ ተጫነች፤ ብርሃኑ ፈዘዘ። በፈዛዛው ውስጥ የመግነዙ ጫፍ ታየው። ደግሞ ነከሰ። ብልጭ፤ ደረት። ድርግም። ብልጭ፤ በጨርቅ የታሰረ አገጭ። ድርግም። ብልጭ፤ በጥጥ የተወተፈ አፍንጫ፣ ከጥጡም ሥር የሚንጠባጠብ ቢጫ ውኃ። ድርግም።

«አንተ ሎሌ!» አለ።

አገጩ ታስሮ እንዴት ተናገረ? እኔ ምን ላውቅ! ተናገረ። ድምፁን አንዳርጌ ያውቀዋል። ስምንት ዓመት የሰደበው ድምፅ ነው።

«ባትሪዬን ምን ልትሆን ጎረስኸው? ያንተ ሆድ መቼም አይሞላ! ጥርሴ ባረፈበት ላይ ጥርስህን ታሳርፋለህ?»

አንዳርጌ እንኳን ሊመልስ፣ አፉ ሙሉ ነው። ምራቁ በአገጩ ወረደ።

«ቤቴ ሰው ሞልቶ ያለቅሳል። ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። ሚስቴ እንኳ ፊቷን አዞረችብኝ። ማን ሞቶ ነው?»

ዝም።

«ጌታህ ሲጠይቅህ ዝም? ማን ሞተ? አንድ ስም ነው። ትፋውና ሂድ።»

ምላሱ ጎማውን ገፋው። ሊወድቅ ነበር። በጥርሱ ያዘው። የጠላው፣ የተጸየፈው ነገር አፉን ዘግቶለታል፤ እሱም ገባው። እንደ ልጓም ነከሰው።

ሽማግሌው ጡብ ብሎ ተጠጋ። መንገዱ ጠባብ ነው። በስተቀኝ ቋጥኝ፣ በስተግራ ገደል።

«እሺ፣ አትናገር። ይህን ክር ግን ፍታልኝ። አንድ ባለጌ አስሮኛል፤ መራመድ አቃተኝ። ከፈታህልኝ እለቅልሃለሁ። ካልፈታህ እዚሁ እናነጋለን፣ እኔና አንተ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ክሩ ለምን እንደሚታሰር ያውቃል። ሙት ሙት ሆኖ እንዲተኛ ነው። ግን ሌሊቱ እየሄደ ነው። እዚህ ከነጋ፣ ዘርትሁን አባቷን አታይም። ስለ እሷ ብሎ ተንበረከከ። ሰንጢውን አወጣ። ብርሃኑ ከአፉ ይወርዳል፤ ምራቁም አብሮ ይወርዳል፣ እዚያው ጣቶቹ ላይ። ክሩ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። በጣቱ ፈልቅቆ ማውጣት ነበረበት። ሥጋው ያደረ ሊጥ ነው። ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ አይመለስም። ቆረጠው። ከክሩ ጋር ቆዳ ወጣ።

ቀና ሲል ማንም የለም።

እጁን በቅጠል፣ ባፈር፣ በሱሪው ጠረገ። አልጠራለትም። እየሮጠ ወጣ። አፋፉ ላይ ሲደርስ ባትሪውን ከአፉ አውጥቶ በጣቱ ጫፍ ያዘው፣ የሞተች አይጥ እንደሚያዝ። ዶሮ ገና አልጮኸም። ከዘርትሁን ቤት ሥር ምንጭ አለ። ሴቶች ሳይነጋ ይቀዱበታል። በምንጩ መንገድ አንዲት ሴት ቆማ አየ።

«ወንድሜ? አንዳርጌ ነህ?»

የዘርትሁን ድምፅ ነው። ሰው ፊት ላይ ማብራት ነውር ነው፤ እሷ ላይማ እንዴት ብሎ! እግሯ ላይ አበራ። እግሮቹ ለየብቻቸው ናቸው። ክር የለም። ነፍሱ ተመለሰች። ንጹሕ፣ የታጠበ እግር ነው። በዚያ አቧራ መንገድ የታጠበ እግር ከየት ይመጣል? አላሰበም።

«በዚህ ሌሊት ምን አመጣህ? አባቴ ደኅና ነው?»

መልሱን ነግሬአችኋለሁ። ትንሽ አመም አድርጎታል። በቃ። ይህን ማለት ነበረበት።

«ወንድሜ፣ በሞቴ፣ አትደብቀኝ። ዋሽተኸኝ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ቅቤ የቀባች እጅ ናት። እንዴት ይዋሻት?

«እህቴ፣ አያ ቢተው ሞተ። ድረሺ፣ ሳይቀበር እዪው።»

ጠበቀ። ሴት ልጅ የአባቷን ሞት ሰምታ ምን ትላለች? ትጮኻለች። ደረቷን ትመታለች። ይህች ዝም አለች።

ከዚያ፦ «እኔ ነኛ፣ ለካ» አለ የሽማግሌው ድምፅ።

ባትሪውን ወደ ላይ አነሣው። የአገጩ ጨርቅ ተፈትቷል። አፉ ተከፍቷል፤ ያለ ልክ ተከፍቷል፤ ወደ እሱ ፊት እየመጣ ነው። ሽታው ቀደመ። አንዳርጌ ሊጮኽ አፉን ከፈተ። መክፈት አልነበረበትም።

ውኃ ቀጂዎች ተዘርሮ ያገኙት ነግቶ ነው። አፉ በአረፋ ተሞልቷል፤ አይናገርም። በምልክት ሲጠይቁት፣ ሲያስታጥቡት፣ በመጨረሻ ማንነቱን ለይተው ዘርትሁንን ሲጠሯት ረፈደ። አባቴ በሌሊት ሰው የላከብኝ ምን ቢሆን ነው ብላ ወደ አባቷ አገር በገደሉ እየወደቀች ሮጠች። ስትደርስ የመጨረሻው አካፋ አፈር እየተመለሰ ነበር።

እንግዲህ መርዶ ይዛችሁ ብቻችሁን አትሂዱ። ባትሪ አለኝ አትበሉ። ባትሪ አንድ ሰፌድ ያሳያል፤ የቀረውን ማን ያሳያችኋል? ሁለት ሁኑ። አንዱ ሲሳሳት አንዱ አፉን ይያዝለት።

የቀረችኝ ትንሽ ናት።

አንዳርጌን በቃሬዛ መልሰው በረቱ ውስጥ አስተኙት። ሦስት ቀን አንድ ቃል አልወጣውም። እህል አስጠላው። አፉን በአመድ ይፈትጋል፣ ይተፋል፣ ደግሞ ይፈትጋል። በሦስተኛው ቀን ማታ ዘርትሁን ከል ለብሳ ገባች። አጠገቡ ጭዱ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ጀርባውን ዳበሰችው፣ እንደ ድሮው።

«ወንድሜ፣ አፍህ የተዘጋው አባቴን በመንገድ ብታየው ነው ይላሉ። እውነት ነው? አባቴ ምን አለህ?»

ሊነግራት ፈለገ። ይቅር በይኝ ሊላት ፈለገ። ከንፈሩን ገጥሞ ራሱን ነቀነቀ። ለመነችው። እንባዋ እጁ ላይ ወረደ። እምቢ ማለት አቃተው፤ አፉን ከፈተ።

«ልጄ፣» አለ አያ ቢተው፣ «ቀብሬ ላይ ለምን ቀረሽ?»