የአራሚዋ የመጨረሻ ገጽ

አሮጊቷ ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተቀመጡ ነበር የሞቱት። ቀኝ እጃቸው አጉሊ መነጽር ጨብጧል፤ ዓይናቸው አልተከደነም። ስክሪኑ ላይ የአንድ ክሊኒክ ድረ ገጽ ተከፍቷል፤ በዚያው ሳምንት የተቀየረላቸው የልብ መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ የሚገልጽ ነው። ፊደሉ ከመድቀቁ የተነሳ «2.0» የሚለው ቁጥር ነጥቡ ጠፍቶ «20» ይመስላል። ሐኪሙም ከታዘዘላቸው አሥር እጥፍ እንደወሰዱ አረጋገጠ።

«ደቃቅ ፊደል ገደላት» አሉ ታናሽ ወንድማቸው።

በማግስቱ ጠዋት የተጠራችው መርማሪ ግን ለመስማማት አልቸኮለችም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ክፍሉ መሀል ቆማ ወንበሩን አየች። አስከሬኑ ቢነሳም የወንበሩ ትራስ እንደጎደጎደ ነበር፤ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም።

የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ወንድምየው፣ የሟቿ ልጅና ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችው ነርስ።

ወንድምየው ደራሲ ናቸው። በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ የሚያወጡት ተከታታይ ታሪክ በዚያ ዓመት ስማቸውን አስጠርቷል።

«መጨረሻ ያየኋት ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አሉ። «ሻይ ጠጣን። ስወጣ ያንን ጉንዳን የመሰለ ፊደል በመነጽሯ ስትለቅም ትቻት ሄድኩ። ‹እትዬ፣ ዓይንሽን አታድክሚ› ብዬ ተቆጣኋት። መች ትሰማለች! አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆና ሠርታ ስህተት መልቀም ለምዶባት!»

ነርሷ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ከሆስፒታል የተመለስኩት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ቀዝቅዘው ነው ያገኘኋቸው። ግን ሰሞኑን እትዬ ልክ አልነበሩም።»

«እንዴት?»

«‹ባሌ ያናግረኛል› ይሉኝ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል! ‹ከየት ሆነው?› ስላቸው ኮምፒውተሩን ያሳዩኛል። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።»

ልጅየዋ ድረ ገጽ ሠሪ ናት። ከመጣች ጀምሮ ኮምፒውተሩን በሩቁ ስትሸሸው ቆይታ፣ መርማሪዋ ስትጠራት ቀረብ ብላ አጎነበሰች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይሄን ፊደል ማን አሳነሰው?» አለች።

«ድሮም ትንሽ አልነበረም?» አለች መርማሪዋ።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። የትኛውም ገጽ ቢከፈት ፊደሉ እንዲተልቅ፣ መስመሩ እንዳይጨናነቅ፣ የደበዘዘው ቀለም እንዲጠቁር አደረግኩላት። እማዬ ያን ቀን እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው። መነጽሩንም መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።»

«ራሳቸው መልሰውት ቢሆንስ?»

«ያገኘችውን ዓይን በገዛ እጇ ታጠፋለች?»

መርማሪዋ ኮምፒውተሩ የመዘገባቸውን ሰዓቶች አንድ በአንድ ተመለከተች። ከዚያ አሮጊቷ ሰሞኑን ደጋግመው የከፈቱትን ገጽ ከፍታ ልጅየዋን «እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» አለቻት። የወንድምየው ታሪክ ነበር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ የልጅየዋ ድምፅ ተቆረጠ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ።

«ሐኪሙ ልባቸው የቆመው ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በፊት ነው ይላል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ፊደሉ የተቀነሰው አሥር ሰዓት ከሃያ ነው። የክሊኒኩ ገጽ የተከፈተው ከሁለት ደቂቃ በኋላ። የሞተ ሰው ገጽ አይከፍትም። በዚያ ሰዓት ሲስተር ሆስፒታል፣ ልጃቸው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አረጋግጫለሁ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎ ግን በስምንት ሰዓት ደቃቅ ፊደል ሲለቅሙ አየሁ ብለዋል። በስምንት ሰዓት እዚህ ቤት ደቃቅ ፊደል አልነበረም።»

«ተሳስቼ ይሆናላ!»

«መድኃኒቱን ሻዩ ውስጥ ጨመሩ። እስኪያልቅላቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ጠበቁ። በኋላ ኮምፒውተሩን ቢነኩት ፊደሉ ቡጢ ያህላል፤ በዚያ ፊደል ነጥብ ጠፋ ቢሉ ማን ያምናል? አሳነሱት። መነጽሩንም ከመሳቢያ አውጥተው አስጨበጧቸው።»

«ለምን ብዬ እህቴን እገድላለሁ?»

የመለሰችው ልጅየዋ ናት።

«በስምዎ ያወጡት ታሪክ የአባዬ ስለሆነ ነዋ! አባዬ የመጨረሻውን ገጽ ሳይጽፍ ነው የሞተው። የጨረሰችው እማዬ ናት፤ ያነበበችውም ለእኔ ብቻ ነው። ቃል በቃል እርስዎ ድረ ገጽ ላይ አለ። የአባዬ ረቂቅ ጠፋ ብለን ቤቱን ስናገላብጥ፣ ጋሼ፣ አብረውን ሲፈልጉ ነበርኮ!»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። አሮጊቷ አላበዱም ነበር።

ወንድምየው ባዶውን ወንበር አዩ፤ ዓይናቸውን ሊነቅሉ አልቻሉም።

«ባለፈው ማክሰኞ ደወለችልኝ» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። «‹ባሌን መልስልኝ› አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።»

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች መርማሪዋ። «የእርስዎ ገጽ ፊደሉ ከሁሉም የደቀቀና የደበዘዘ ነው። አንባቢዎችዎ ደጋግመው አማርረዋል። ለምን አላተለቁትም?»

ወንድምየው ወደ ስክሪኑ እያዩ መለሱ።

«ሌላው ሰው እንደምንም ያነበዋል። እሷ ብቻ እንዳታነበው ነው።»